የዶካ ቀኝ እግር

ቲቦሮን፣ ዴንማርክ፣ ጁን 1 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለቶርላይቭ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔና ባለቤቴ ኤይናር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ነፋሱ ብቻ እንደ ልማዱ ልብሳችንን ከገመድ ላይ እየነጠቀ ለጎረቤት ያድላል።

የላኩልኝ ባዝራ ዶካ ባለፈው ሐሙስ በሰላም ደረሰች። ሾፌሩ መርከቡ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተንቀጠቀጠች፣ ይልቅ እሱ ራሱ ሲያስመልሰው አንገቷን አውጥታ እንዳየችው ነገረን። ከመኪናው ስትወርድ መሬቱን አሸተተች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ተራራ አጣች። እንደዚያ ግራ የተጋባ ፊት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ግን ሣሩን አገኘችና ነገሩን ተወችው።

አምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ የራሴ ፈረስ ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ በየበጋው ወደ እናንተ ወደ ብሬኬ ስትልከኝ እርስዎ ፈረስ ላይ ከፊትዎ አስቀምጠው ወደ ሜዳው ይወስዱኝ የነበረውን አልረሳሁም። ለአጎቱ ልጅ ልጅ እንዲህ ያለ ስጦታ የሚሰጥ ሰው የት ይገኛል? ቡላ መልኳ፣ መሐሉ ጥቁር የሆነው ቆሞ የተከረከመ ጋማዋ፣ ሁሉም ነገሯ የልጅነቴ ፈረስ ነው።

ኤይናር እንደሚያውቁት ዓሣ እንጂ ከብት የማያውቅ ሰው ነው። ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ይቺማ ፈረስ አይደለችም፤ እግር ያበቀለች ሶፋ ናት» አለ። መረብ የምንጠግንበት ቤት ያሉት ሴቶችም አላረፉም። «ቲራ በፈረስ ላይ ነው የተወለድኩት እያለች ሃያ ዓመት አሰልችታናለች፤ አሁን እናያለን» ይላሉ። ይዩዋ!

እግዚአብሔር እድሜ ይስጥልኝ። ከባለቤትዎ ከጊሪ ሞት በኋላ ብቻዎን በዚያ ግቢ መሆንዎን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የምታከብርዎ ቲራ

* * *

ብሬኬ፣ ኖርድፊዮርድ፣ ጁን 19 ቀን 1986

ለልጄ ለቲራ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስልክ እደውላለሁ እንዳትዪ። ጆሮዬ ስልክ ላይ የሚሰማው እንደ ባሕር የሚያጉረመርም ነገር ብቻ ነው።

በሰላም መድረሷ ጥሩ ነው። ስለ ዶካ ማወቅ ያለብሽን ልጻፍልሽ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራ የለመደች ናት። ድርቆሽ ጎትታለች፣ ግንድ ጎትታለች፣ አንድ ጊዜ የቄሱን መኪና ከጉድጓድ አውጥታለች። ቆማ የምትውል ከሆነ ሐሳብ ይገባታል። ከኋላዋ የሚጎተት ነገር ሲኖር ልቧ ይረጋል። ስለዚህ ሥራ ስጫት።

ሁለተኛ፣ ልጓሙን ወደ ኋላ አጥብቀሽ አትጎትቺ። ስትጎትቺያት ሸክም የከበዳት ይመስላትና ትበረታለች። ለቀቅ ስታደርጊላት ትቆማለች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግን እንደዚያ ነች።

ሦስተኛ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ወዴት ዞራ ነው የምትቆመው?

ጉልበቴ እንደ ጉልበት ነው።

ቶርላይቭ

* * *

ቲቦሮን፣ ጁላይ 27 ቀን 1986

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጀልባዎቹ መረብ ቀድደው እየመጡ ፋታ አሳጡን። ዶካ ደህና ናት። አየሩም ጥሩ ነው። ኤይናር ሰላም ይልዎታል። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ቲራ

* * *

ብሬኬ፣ ኦገስት 14 ቀን 1986

ለልጄ ለቲራ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽ አጭር ነበረች። አጭር መጻፍ ነውር አይደለም፤ እኔም ረጅም አልጽፍም። ነገር ግን አንቺ ስለ ሾፌሩ ማስመለስ እንኳ ግማሽ ገጽ የምትጽፊ ሰው ነሽ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሁለት ጊዜም አጭር ነበረች።

እዚህ ድርቆሹ ገብቷል። ሲኖቬ መጥታ አገዘችኝ። አታውቂያትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ እንጨት የምትቆርጥ ሴት ናት። እዚያ ትራክተር ቢወጣ በጀርባው ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ በፈረስ ትሠራለች። ፈረሷ በጸደይ ሞተባት። ዶካን ጠይቃኝ ነበር። ለአንቺ ቃል ስለገባሁ እምቢ አልኳት። አልተቀየመችም፤ በእጇ እየጎተተች ነው።

ስትጋልቢያት እንዴት ናት? የጠየቅሁሽንም አልመለስሽልኝም።

ቶርላይቭ

* * *

ቲቦሮን፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለቶርላይቭ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ አይጠይቁኝ።

ዶካን ልመልስልዎ ነው። እግሯን አሟታል። የፊት ቀኝ እግሯን። ከጁላይ መጀመሪያ ጀምሮ ስትጋለብ ትደናቀፋለች፣ አንዳንዴም ታነክሳለች። አንድ ቀን አብራኝ ወደቀች። ኤይናር እየቀባና እየጠቀለለ ሁለት ወር ሞከረ፤ አልተሻላትም። መሬታችን አሸዋ ነው፤ ምናልባት ለኮቴዋ አልተስማማት ይሆናል። የለመደችው ድንጋይና ተራራ ነው። እርስዎ ዘንድ ትድናለች ብለን አሰብን። ያው ሾፌር የፊታችን ቅዳሜ ይወስዳታል።

እንዲህ ያለውን ስጦታ መመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር እግዚአብሔር ያውቃል። ውለታዎን በዚህ መለስኩት ብለው እንዳይቀየሙኝ። በእሷ በኩል ጥፋት የለም። እግሯ ብቻ ነው።

ኤይናር የመንገድ ድርቆሽ ጭኖላታል። «ሶፋዬ ሄደች» እያለ ከትናንት ጀምሮ እየተነጫነጨ ነው።

ይቅርታ የምትጠይቅዎ ቲራ

* * *

ብሬኬ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1986

ለልጄ ለቲራ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከባልሽ ጋር ይሁን።

ዶካ ደርሳለች። አልተቀየምኩም። ስጦታ የሰጠ ሰው ስጦታው ሲመለስ ቢቀየም፣ ከመጀመሪያውም አልሰጠም ማለት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አይቷታል። እግሯን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ በድንጋይ ላይ አስሮጣት። «ምንም አላገኘሁም» አለኝ። «ግን ሁለት ወር ሙሉ አነከሰች ካሉህ፣ የተኛ ነገር ነው። ሸክም ሲከብዳት ይነሣል» አለ። እሱ የሚያየው አንድ ቀን ነው። አንቺ ከሦስት ወር በላይ አብረሻት ነበርሽ። ስለዚህ ያመንኩት አንቺን ነው።

ሲኖቬ መመለሷን ሰምታ በማግስቱ መጣች። አጥሩ ላይ ተደግፋ ብዙ አየቻት። «ቶርላይቭ፣ እኔ ልሞክራት» አለች። «ግንድ ከኋላዋ አስረሽ በዚያ ቁልቁለት ስትወርዱ ብትደናቀፍ፣ ግንዱ የሚሄደው በማን ላይ ነው?» አልኳት። አጥሩን ለቅቃ ሄደች። ሰው የምትገድል ፈረስ ሰጥቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔም የማልነግርሽ ነገር ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል። በረዶ ሳይጥል ግቢውን ለቅቄ መንደሩ ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን ቤት እገባለሁ። በጎቹን ሸጫለሁ። የማትሠራ ባዝራ ክረምቱን ሙሉ የሚቀልብ ሰው ፈልጌ አጣሁ። አለ የተባለውም ሰው ዓይኑን አየሁት፤ ለሥጋ እንደሚፈልጋት ገባኝ።

ስለዚህ ሰኞ፣ ኦክቶበር 20፣ በጥይት የሚገላግላት ሰው ወደዚህ ይመጣል። እዚሁ ግቢዋ ውስጥ፣ እኔ ልጓሟን ይዤ፣ ፀሐይ እየሞቃት ይሆናል። አትሰማውም። ከዚህ የተሻለ ላደርግላት አልቻልኩም።

ልብሽ እንዳይሰበር። እግር ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ቶርላይቭ

* * *

ቴሌግራም

ቲቦሮን፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1986

ዶካን አትግደሏት። እግሯ ጤነኛ ነው። ሁሌም ጤነኛ ነበር። ደብዳቤ ይከተላል። ቲራ

* * *

ቲቦሮን፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1986

አጎቴ ቶርላይቭ፤

ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ቴሌግራሙን ልኬ ከፖስታ ቤት መመለሴ ነው። ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ይህን እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ መረብ እየጠገንኩ፣ ምን ብዬ ብጽፍ እሷም እንደምትተርፍ፣ እኔም እንደማልዋረድ ሳሰላ ነበር። «ሌላ ሐኪም ያሳዩዋት» ልል አሰብኩ። «ሕልም አየሁ» ልል ሁሉ አሰብኩ። ትናንት በምሳ ሰዓት የሥራ ጓደኛዬ ካረን፣ «ምን ሆነሻል? አንድ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ሰፋሽ» አለችኝ። መርፌውን አስቀመጥኩት።

ዶካ አላነከሰችም። አልተደናቀፈችም። የሆነው ይኼ ነው።

ጁላይ 3 ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ በባሕሩ ዳር ይዣት ወጣሁ። ከዚያ በፊት አራት አምስት ጊዜ ጋልቤያት ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎና ሁሉንም ጊዜ ፈርቼ ነበር። ስትራመድ ከሥሬ ያለው ጉልበት የእኔ እንዳልሆነ ይሰማኛል። እኔ የማስታውሰው እርስዎ ከኋላዬ ይዘውኝ መጋለብን ነበር። ያንን መጋለብ የእኔ አድርጌ ሃያ ዓመት አወራሁት።

አሸዋው ላይ ስንደርስ መሮጥ ጀመረች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሜዳ አየች፣ ሮጠች። እኔ ልጓሙን ጎተትኩ። እርስዎ አትጎትቺ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ጎተትኩ፤ በረታች። ይበልጥ ጎተትኩ፤ ይበልጥ በረታች። ወደቅኩ። አሸዋ ስለሆነ ምንም አልሆንኩም፤ ዳሌዬ ጠቆረ እንጂ። ቀና ስል ዶካ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከዚያ መጥታ ትከሻዬን አሸተተች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ተመልሼ መውጣት አቃተኝ። እግሬን እርካቡ ውስጥ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። በመጨረሻ ይዣት በእግሬ ተመለስኩ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ኤይናር በሩ ላይ ቆሞ አየንና፣ «ለምን በእግርሽ መጣሽ?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ቃል ነበር። «አነከሰች» አልኩት።

ያችን ቃል ካልኩ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ኤይናር ወዲያው ተንበርክኮ እግሯን ዳሰሰ። «የትኛው?» አለኝ። ቀኙን አሳየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሄድ ድረስ በየምሽቱ ከእራት በፊት ወደ ጋጣው እየወረደ ቀኝ እግሯን እየቀባ ይጠቀልል ነበር። እሷም ገና ሲመጣ እግሯን ታነሣለታለች። ጤነኛ እግሯን። በመስኮት አያቸው ነበር። በየምሽቱ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ እሱ እጁን ታጥቦ ሲገባ፣ «ዛሬ ትንሽ የተሻላት መሰለኝ» ይላል። እንዴት ብዬ?

መረብ ቤት ያሉት ሴቶችስ? ወድቄ ፈራሁ ብል ምን ይሉኝ ነበር? ይስቁ ነበር። ለሁለት ቀን ይስቁና ይተዉኝ ነበር። ለዚያች ለሁለት ቀን ሳቅ ብዬ ይህን አደረግኩ። ለእርስዎም «በእሷ በኩል ጥፋት የለም» ብዬ ስጽፍ ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱን እግሯ ላይ ጭኜው!

ዛሬ ጠዋት ከፖስታ ቤት በፊት ለኤይናር ነገርኩት። አዳመጠኝ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤ ወደ ባዶው ጋጣ ሲገባ አየሁት። ሲመለስ፣ «እንግዲህ ያን ሁሉ ቅባት የጨረስኩት በጤነኛ እግር ነው» አለ። ከዚያ፣ «ቴሌግራም ፈጣን ነው። ሂጂ» አለኝ። እስካሁን ሌላ አልተናገረም።

ሐኪሙ ልክ ነበር። ሲኖቬ ትውሰዳት። እርስዎ እኔን ስላመኑ ነው እዚህ የደረሰችው፤ ይህን መሸከም እንዴት እንደምችል አላውቅም።

የጠየቁኝንም ልመልስ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕሩ ዞራ፣ ከአጥሩ ጥግ ትቆም ነበር። ወደ ሰሜን። ለምን እንደጠየቁኝ አላውቅም።

ቲራ

* * *

ብሬኬ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1986

ለቲራ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ቴሌግራምሽን ያመጣልኝ የሱቁ ሰውዬ ነው። መነጽሬን ስላላገኘሁ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እንዲደግመው ነገርኩት። ደገመው። «መልስ አለው?» አለኝ። «የለውም» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤሽ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ ተቆጣሁ፤ ስለዚህ ወዲያው አልጻፍኩም። በቁጣ የተጻፈ ደብዳቤ ከላኪው በፊት ይደርሳል ይል ነበር አባቴ።

ፈራሁ ብትዪኝ ምን እልሽ ነበር? ስድስት ዓመት ሲሞላሽ አውራ ዶሮአችንን ፈርተሽ አንድ ሳምንት ከቤት አልወጣሽም። የማላውቅሽ መሰለሽ? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ቁጣዬን ጨርሻለሁ።

አሁን የእኔን ስሚ። ዶካ የእኔ ፈረስ አይደለችም። የጊሪ ነበረች። ጊሪ ከውርንጭላነቷ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድርቆሹንም ግንዱንም ከእሷ ጋር የጎተተችው ራሷ ናት። እኔ ልጓሟን እንኳ የምይዘው ጊሪ ጉንፋን ሲይዛት ነበር። ጊሪ ወተት ማምረቻው ውስጥ ስትሠራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ትወርዳለች። ዶካ በየቀኑ በሩ ጋ ወደ መንገዱ ዞራ ትጠብቃታለች። ጊሪ ከሞተች በኋላም ያንኑ አደረገች። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ትንሽ ትቆይና ወደ ሣሯ ትመለሳለች። እኔ በመስኮት አያታለሁ።

አልቻልኩም። ከዓይኔ እንድትርቅልኝ ፈለግኩ። ሲኖቬ ስትጠይቀኝ እምቢ ያልኳት ለአንቺ ቃል ስለገባሁ አይደለም፤ ያኔ ገና አልጻፍኩልሽም ነበር። ሲኖቬ ብትወስዳት በየቀኑ በቤቴ በር ታልፋለች ብዬ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ፈለግኩና አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስትወስጃት ኮርቻ ከተጫነባት ከሁለት ዓመት በላይ እንደሆናት አልነገርኩሽም። እንደማትስማሙ ልቤ ያውቀው ነበር። «በፍቅር የሰጠሁሽ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ግማሹ እውነት ነው።

ስለዚህ አንቺ ስለ እግሯ ዋሸሽ፤ እኔ ስለ ልቤ ዋሸሁ። ሸክሙን የተሸከመችው እሷ ናት።

ሰውዬው እንዳይመጣ ተነግሮታል። ሲኖቬን አስጠራኋት። «ቁልቁለቱ ላይ አትወድቅም?» አለችኝ። «እግሯ ደህና ነው» አልኳት። «ባለፈው ወር ገዳይ ነች ብለኸኝ ነበር።» «ባለፈው ወር የሰማሁት ሌላ ነበር» አልኳት። «ማን ነው የቀየረው?» ስትለኝ ስምሽን አላነሣሁም። ያ የእኔ ወሬ አይደለም። የአንቺ ነው።

የጊሪን የመጎተቻ ዕቃ ከጣሪያው ሥር አወረድን። ቆዳው ደርቆ ነበር፤ ሲኖቬ ቀባችው። አንገቷ ላይ ስታጠልቅላት ዶካ ራሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አስገባችው። ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ወደ በሩ አላየችም። እኔ ወደ ቤት ገባሁ፤ ዓይኔን ነፋስ አስቸግሮኝ ነበር።

ኖቬምበር 8 ወደ መንደሩ እገባለሁ። አምሳ ዓመት የተከማቸ ዕቃ አለ። የሚያሽግ ሰው ያስፈልገኛል። ሲኖቬን ጠይቄ ነበር፤ ሥራ በዝቶባታል። ሥራ ያበዛባትን አንቺ ታውቂያታለሽ።

ቶርላይቭ

* * *

ቲቦሮን፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1986

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለቶርላይቭ፤

በአዲሱ ክፍልዎ ሰላም ይብዛልዎ። የመስኮቱ መጋረጃ እንዳጠረ አውቃለሁ፤ ሌላ እየሰፋሁ ነው። ጎረቤትዎ ሽማግሌ አሁንም ሬዲዮውን እያስጮኸ ነው? ያ ጆሮዎ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመዎ።

ዕቃዎን አሽገን ከተለያየን በኋላ በደህና ገባሁ። መርከቡ ላይ የእኔ ተራ ሆነና አስመለሰኝ። ኤይናር ወደብ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ያመጣሁለትን ቡናማ አይብ ገና መኪና ውስጥ ሆኖ ግማሹን ጨረሰው። ከዚያ፣ «እሺ፣ ንገሪኝ፤ ከጁላይ ጀምሮ ያሻሻልኩት እግር እንዴት ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዶካ ሲያነሣ የመጀመሪያው ነው። ነገርኩት። ለእርስዎም ልንገርዎ፤ ከመሄዴ በፊት የመጨረሻው ቀን ጠዋት ወደ ቁልቁለቱ ስወጣ እርስዎ በጉልበትዎ ምክንያት ቀርተው፣ ስመለስም «ደህና ናት» ብቻ ብዬዎት ነበር። አጭር መልስ እንደማይወዱ ረስቼ አይደለም። መናገር አቅቶኝ ነው።

መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጥላ ባለበት ቦታ ደግሞ በረዶ ይዟል። ገና ሳላያቸው የሰንሰለቱን ድምፅ ሰማሁ። ሲኖቬ ግንድ ስታስር ደረስኩ። ዶካ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ እንፋሎት ከላይዋ ይነሣል። ክረምቱ ጠጉሯን አወፍሮታል። ኤይናር ቢያያት ሶፋው አልጋ ሆነ ይል ነበር።

ሲኖቬ ቀና ብላ፣ «አንቺ ዴንማርካዊቷ ነሽ» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት። ሌሊቱን ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «እግሯን አላመማትም ነበር» አልኩ። «እኔ ወድቄ ፈራሁ። መፍራቴን ለመደበቅ በእሷ ላይ ዋሸሁ። በዚያ ምክንያት ሊገድሏት ነበር፤ አንቺም ወር ሙሉ በእጅሽ ጎተትሽ።»

ሲኖቬ ጓንቷን አወለቀች። የምትመታኝ መሰለኝ። አፍንጫዋን ጠርጋ መልሳ አጠለቀችው።

«አምስት ሳምንት» አለችኝ። «ወር አይደለም።»

«አምስት ሳምንት» አልኩ።

«ትከሻዬ እስካሁን አልተመለሰም።» ወደ ዶካ ዞረች፤ ማሰሪያውን ፈተሸች። «እኔም ወድቄ አውቃለሁ» አለች በኋላ፤ «በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ያ ዕድል ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ለሽማግሌው ነግረሽዋል?» አለችኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ለባልሽስ?»

«ለሱም።»

«መረብ ቤት ነው የምትሠሪው አሉ። እዚያስ?»

«ገና» አልኩ። ለካረንም ለሌሎቹም ገና አልነገርኩም ነበር። ሲኖቬ ራሷን ነቀነቀች፤ የሰደበችኝም የተረዳችኝም አትመስልም። (ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ነገርኳቸው። ሳቁ። እስከ ሐሙስ ድረስ ሳቁ። ካረን አሁንም ወንበሬን ስታቀርብልኝ «ቀስ ብለሽ ውጪ፣ እንዳትጥልሽ» ትላለች።)

ከዚያ ወደ ዶካ ፊት ዞርኩ። ይቅርታ ልላት ነበር መሰለኝ፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። እጄን ዘረጋሁላት። አሸተተችው። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ጣለች። የምጠብቀው ምን እንደነበር አላውቅም። ብትሸሸኝ ይገባኛል፤ ትከሻዬን ብታሸተኝ ደግሞ እዚያው እወድቅ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ጆሮዋን ወደ ኋላ፣ ወደ ሲኖቬ ድምፅ መለሰች። አላወቀችኝም ይሆናል። ወይም አውቃኝ ሥራ ነበረባት።

ሲኖቬ ልጓሙን ሰብሰብ አድርጋ ያዘች፤ ሳትጎትት፣ ለቀቅ አድርጋ። ምላሷን ቀጭ አደረገች። ዶካ ትከሻዋን ወደ ፊት ጣለች፤ ግንዱ ከጭቃው ተነቅሎ ተንቀሳቀሰ። አራቱም እግሯ እኩል እየረገጠ፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ ወደ እኔ ቁልቁል መጣች።

«ዴንማርካዊቷ» አለች ሲኖቬ፣ «መንገድ ላይ ቆመሻል።»

መንገዱን ለቀቅኩላቸው።

በፍቅር፣ ቲራ